«ጠፋ» እና «ጠፋብኝ»

አማርኛ ካሉት ጸጋዎች አንዱ፣ በግሥ ጫፍ ላይ ተለጥፋ የሰውን ጉዳት የምትናገር አንዲት ትንሽ ቅጥያ መኖሯ ነው፡፡ «በሬው ሞተ» ብንል ወሬ ነው፤ «በሬው ሞተብኝ» ስንል ግን ኀዘን ነው፡፡ «ዝናቡ መጣ» ስለ አየር ጠባይ መናገር ነው፤ ያልተወቃ እህሉን አውድማ ላይ የተወ ገበሬ «ዝናቡ መጣብኝ» ሲል ግን ጩኸት ነው፡፡ «ጠፋ» ስለ ዕቃው ይናገራል፤ «ጠፋብኝ» ስለ ባለቤቱ፡፡ ዛሬ ላነሣው የፈለግኩት ጉዳይ በዚህች «ብኝ» ላይ የተንጠለጠለ ነው፡፡ ጉዳዩ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጅ መናኛ ሊመስል ይችላል፤ በኦንላይን ጨዋታ ውስጥ ስለ ጠፋ አንድ ሰይፍ ነውና፡፡ ውድ አንባቢ፣ ሰይፉን ንቀው ጽሑፉን እንዳይተዉት አደራ እላለሁ፡፡

የምኖረው በደብረ ሲና ነው፡፡ ቀን ከባንክ መስኮት ኋላ እቀመጣለሁ፤ ማታ ግጥም እሞክራለሁ፡፡ በሰፈሬ የምታወቀው ግን በሁለቱም ሳይሆን ማመልከቻ በመጻፍ ነው፡፡ ከጣርማ በር የሚወርደው ጉም ከተማዋን በሸፈናት አንድ ምሽት፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የሆነ የጎረቤት ልጅ መጣና «ጋሼ፣ እርስዎ ማመልከቻ ይጽፉ የለ? አንድ በእንግሊዝኛ ይጻፉልኝ» አለኝ፡፡ ለማን ነው ብዬ ብጠይቀው «ለጌሙ ባለቤቶች» አለ፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ ልጁ ሁለት ዓመት የተጫወተበት አንድ የኦንላይን ጨዋታ አለ፡፡ በዚያ ጨዋታ ውስጥ በቀላሉ የማይገኝ ሰይፍ ነበረው፡፡ ግማሹን ሌሊት እየተነሣ ተጫውቶ አገኘው፤ ግማሹን ደግሞ በገንዘብ ሞላው፡፡ ገንዘቡን ያገኘው በዕረፍት ቀናት ቁልቁል ሸዋ ሮቢት እየወረደ ሽንኩርት በመጫን ነው፡፡ የውጭ አገር ክፍያ የሚፈጽም ካርድ እንደሌላቸው እንደ አብዛኞቹ ወጣቶቻችን፣ እርሱም የከፈለው በቴሌግራም ላገኘው ደላላ ነው፤ ደላላው ብር ይቀበላል፣ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፣ ወደ ልጁ አካውንት ያስገባል፡፡ በሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፡፡ ከብዙ ወራት በኋላ ተመልሶ ልጁ ጨዋታውን ሲከፍት ሰይፉ በቦታው የለም፤ ሌላ ሰው በአካውንቱ ገብቶ አሳልፎ ሰጥቶታል፡፡

በአማርኛ የጻፈውን ረቂቅ አነበብኩት፡፡ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ሰይፌ ጠፋብኝ» ይላል፡፡ ወደ እንግሊዝኛ ልመልሰው ስሞክር «ሰይፌ» እሺ አለኝ፤ «ጠፋ»ም እሺ አለኝ፤ «ብኝ» ግን እንቢ አለችኝ፡፡ እርሷን የሚያክል ቃል ፈልጌ አጣሁ፡፡ «ሰይፌ ጠፍቷል» የሚል ነገር ጽፈን ላክን፡፡

መልሱ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መጣ፡፡ ትሑት መልስ ነበር፤ ስለ ትዕግሥቱ ያመሰግነዋል፣ ስለ ተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ ይጠይቀዋል፡፡ ከዚያም ሦስት ነገሮች ይሻል፡፡ አንደኛ የግዢ ደረሰኝ ቁጥር፤ ደረሰኙ ያለው ከደላላው ዘንድ ነው፣ ደላላው ደግሞ ስሙን ለውጦ ጠፍቷል፡፡ ሁለተኛ አካውንቱ የተከፈተበት ኢሜይል፤ አካውንቱን ያኔ የከፈተለት የኮምፒዩተር ቤት ሠራተኛ ነበር፣ ኢሜይሉም የእርሱ ነው፡፡ ሦስተኛ ዕቃው የጠፋበት ቀን፤ ልጁ በዚያ ቀን ኢንተርኔት አልነበረውምና እንዴት ይወቀው? ይህን ሁሉ አብራርተን ጻፍን፡፡ ሁለተኛው መልስ ሌላ ስም ካለው ሰው መጣ፤ የጠየቀውም እነዚያኑ ሦስት ነገሮች ነው፡፡ ሦስተኛው ከመጀመሪያው ጋር በነጥብ እንኳ አይለይም ነበር፡፡ አራተኛው «ጉዳይዎ ተዘግቷል» አለ፤ ከሥሩም አምስት ባዶ ኮከቦች ተደርድረው፣ በተሰጠው አገልግሎት ምን ያህል እንደ ረካ በኮከብ እንዲገልጽ ይጠይቁታል፡፡ ልጁ ቀና ብሎ አየኝና «ጋሼ፣ ስንት ልስጣቸው?» አለኝ፡፡

ይህን ለወዳጆቼ ሳወራ የብዙዎቹ መልስ አንድ ነው፤ «ጨዋታ አይደለም እንዴ? ትምህርቱን ያጥና!» አንዱም ነገሩን በተረት ቋጨው፤ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ»፡፡ ተረቱን እወደዋለሁ፤ በዚህ ላይ ግን አልስማማም፡፡ በሙያዬ ምክንያት የሰማይ ላሞችን አብዝቼ አውቃለሁና፡፡ በምሠራበት ካዝና ውስጥ የማንም ስም የተጻፈበት ብር የለም፡፡ ከይፋት ቆላ ማሾውን ሸጦ መጥቶ ያስቀመጠ ገበሬ እኛ ዘንድ ያለው ቁጥር ነው፡፡ ቁጥሩ የእርሱ የሚሆነው ድካሙ ስላለበትና እኛም «ያንተ ነው» ብለን ስለ ተስማማን ነው፡፡ ከዚያ ቁጥር ላይ አንድ አሐዝ ቢጎድል «ኧረ ቁጥር ነው፣ ምን አለበት» የሚል ሰው አላየሁም፡፡

ሕጋችንም ቢሆን የማይጨበጥ ነገር ንብረት አይሆንም አላለም፡፡ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1129 ላይ፣ የሰው ልጅ ገርቶ ሥራ ላይ ያዋላቸውን እንደ ኤሌክትሪክ ያሉ ዋጋ ያላቸው የተፈጥሮ ኃይሎች፣ ሌላ ሕግ ካልከለከለ በቀር ግዙፍነት እንዳላቸው ተንቀሳቃሽ ንብረቶች ይቆጥራቸዋል፡፡ በእጅ የማይዳሰሰውን ኃይል ከበግና ከጋቢ ጋር አንድ መደብ ላይ ማስቀመጡ ያስደንቀኛል፤ ሕግ አውጪዎች ሳያውቁት ቅኔ የተቀኙበት አንቀጽ ይመስለኛል፡፡ በኔዘርላንድስም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1921 ቆጣሪ እያስቆመ ኤሌክትሪክ በነጻ ይጠቀም የነበረን አንድ የጥርስ ሐኪም ሌባ ነህ ብሎታል፡፡

ይኸው ፍርድ ቤት ከዘጠና ዓመት በኋላ የእኛን ጎረቤት ጉዳይ የሚመስል ነገር ቀረበለት፡፡ እ.ኤ.አ. በ2007 ሁለት ወጣቶች አንድ የ13 ዓመት ልጅ ደብድበውና በቢላዋ አስፈራርተው፣ «ሩንስኬፕ» በተባለ ጨዋታ ውስጥ የነበሩትን አንድ ክታብና አንድ ጭንብል እንዲያስረክባቸው አድርገው ነበር፡፡ ክታቡም ጭንብሉም የኮምፒዩተር ሥዕል እንጂ ሌላ አይደሉም፡፡ ፍርድ ቤቱ ግን በጃንዋሪ 2012 ድርጊቱ ስርቆት ነው አለ፤ ልጁ ጊዜውንና ድካሙን አፍስሶባቸዋል፣ ለእርሱ ዋጋ አላቸው፣ ከእጁም ወጥተው በሌላ እጅ ገብተዋል፡፡ ልብ ይበሉ፤ ዳኞቹ የመዘኑት ክታቡን ሳይሆን በክታቡ ውስጥ ያለቀውን የልጁን ዕድሜ ነው፡፡ «ብኝ»ን ሰሟት ማለት ነው፡፡

ከዚያ አስቀድሞም እ.ኤ.አ. በ2003 ቤጂንግ ውስጥ ሊ ሆንግቼን የተባለ ወጣት፣ «ቀይ ጨረቃ» በተሰኘ ጨዋታ ሁለት ዓመት ደክሞ ያከማቻቸው የጦር መሣሪያዎች ጠፉበት፡፡ ለኩባንያው አመለከተ፤ ኩባንያው የወሰደውን ተጫዋች ማንነት አልናገርም አለ፡፡ ወደ ፖሊስ ሄደ፤ አልተሳካለትም፡፡ በመጨረሻ ኩባንያውን ከሰሰ፡፡ ኩባንያው «እነዚህ የመረጃ ክምር እንጂ ዋጋ ያላቸው ነገሮች አይደሉም» በሚል ተከራከረ፡፡ የቻኦያንግ ፍርድ ቤት ግን በዲሴምበር 2003 ዕቃዎቹ ይመለሱለት ሲል ፈረደ፡፡

እነዚህን ሁለት ጉዳዮች ያነሣሁት፣ የጠፋ የጨዋታ ዕቃ ሁሉ መመለስ አለበት ለማለት አይደለም፡፡ ለኩባንያዎቹም የሚባል ነገር አለ፡፡ የሚጫወተው ሰው በሚሊዮን ይቆጠራል፤ ሰይፉን ሸጦ «ተሰረቅሁ» የሚል አታላይ አይታጣም፡፡ «ጠፋብኝ» ላለ ሁሉ ሌላ ቢታደል በጨዋታው ውስጥ ሰይፍ ያልታጠቀ አይቀርም፣ የሰይፍም ዋጋ ከእንጨት ያንሳል፡፡ የባንክ ሠራተኛ ነኝና ማስረጃ መጠየቅን አልነቅፍም፤ ማስረጃ ባይጠየቅ ኖሮ እኛ ዘንድ ጠዋት የተቀመጠ ገንዘብ ለማታ አይደርስም ነበር፡፡ ተጫዋቾቹ ሳያነብቡ በሚስማሙበት ረጅም ውልም ውስጥ፣ ዕቃው የኩባንያው ሆኖ ተጫዋቹ እንዲጠቀምበት ብቻ የተፈቀደለት መሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ተጽፎ ይገኛል፡፡ ስለዚህ «አይመለስልህም» ሊባል ይችላል፡፡ ቅሬታዬ ሌላ ነው፡፡ ያ ልጅ «አይመለስልህም» እንኳ አልተባለም፡፡ ጉዳዩን አይቶ፣ መዝኖ፣ በገዛ አፉ እንቢ ያለው ሰው የለም፡፡

እዚህ ላይ ሌላ ቃል ላንሣ፡፡ ሰው ሲጠራን «አቤት!» እንላለን፡፡ ሰው ሲበድለንም «አቤት!» እንላለን፡፡ የመጀመሪያው «ሰማሁህ» ማለት ነው፤ ሁለተኛው «ስማኝ» ማለት ነው፡፡ ጥሪውና መልሱ በአንድ ቃል መገናኘታቸው በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም፤ አቤት ባይ ባለበት ሁሉ አቤት የሚለው ሰው መኖር አለበት የሚል አሳብ በቃሉ ሆድ ውስጥ ያለ ይመስለኛል፡፡ አባቶቻችን በመንገድ ላይ ሲጣሉ አላፊ አግዳሚውን አስቁመው «ዳኝነት ስጠን» ይሉ ነበር፤ መንገደኛውም ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ግራ ቀኙን ይሰማል፡፡ «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው እግሩን አያነሣም፡፡ ዕቃ ጠፍቶ ሌባው ባልታወቀ ጊዜም አፈርሳታ ይቀመጣል፤ የአገሬው ሰው በአንድ ሥፍራ ይሰበሰባል፣ ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ወደ ቤት መሄድ የለም፣ ሌባው ካልታወቀም ነዋሪው ለባለ ንብረቱ አዋጥቶ የሚክስበት ጊዜ ነበር፡፡

የጥንቱን ሁሉ እያመሰገንኩ አይደለም፡፡ በአፈርሳታ ስንት ንጹሕ ሰው ሥራ ፈትቶ ቀን ቆጥሯል፡፡ ሌባ ሻይ የሚባለውም አለ፤ መድኃኒት ጠጥቶ የሰከረ ብላቴና ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር፤ ይህን ግፍ ማንም አይናፍቀውም፡፡ ከአፈርሳታ የምወስደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአንድ ሰው «ጠፋብኝ» የመንደሩ ሁሉ ጉዳይ መሆኑን፡፡ ሰዎቹ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፣ ባለ ንብረቱ ፊታቸውን ያያል፣ እነርሱም ያዩታል፡፡

የዛሬው ደንበኛ አገልግሎት በንጉሣዊው ሥርዓት ከነበረ አንድ ማዕረግ ጋር ይነጻጸራል፡፡ አፈ ንጉሥ ስሙ እንደሚለው የንጉሥ አፍ ነበር፤ ነገር ግን ፈራጅም ነበር፡፡ አፉም ሥልጣኑም ከአንድ ሰው ዘንድ ይገኛሉ፡፡ ዛሬ ከስልኩ ወይም ከኢሜይሉ ወዲያ ያለችው ልጅ የኩባንያው አፍ ብቻ ናት፡፡ የምትናገረው አስቀድሞ የተጻፈላትን ነው፤ ሰይፉን ልትመልስም ልትከለክልም ሥልጣን የላትም፡፡ አልቆጣባትም፤ መስኮት ላይ የተቀመጠ ሰው ያልሠራውን ጥፋት ተሸክሞ እንደሚውል ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፡፡ የሚያስቆጣው ሥልጣን ያለው ሰው አፉን ልኮ ጆሮውን ማስቀረቱ ነው፡፡

አሁን አሁን ደግሞ አፉም የሰው መሆኑ እየቀረ፣ የሚመልሰው ሮቦት ሆኗል፡፡ በዚህ ረገድ ከካናዳ የተሰማውን ልጥቀስ፡፡ አያቱ የሞቱበት አንድ መንገደኛ፣ ለኀዘንተኛ ስለሚደረገው የቲኬት ቅናሽ የኤር ካናዳን ሮቦት ጠየቀ፤ ሮቦቱም ከጉዞው በኋላ ማመልከት ይቻላል አለው፡፡ በኋላ ሲያመለክት አየር መንገዱ «እንዲህ ያለ ደንብ የለንም» አለ፡፡ ክርክሩ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዳኝነት ፊት ሲቀርብ፣ ሮቦቱ ለተናገረው ራሱ ኃላፊ ነው የሚል አሳብ እንኳ ተነሥቶ ነበር፡፡ ዳኝነቱ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ይህን አልቀበልም አለ፤ በድረ ገጹ ላይ ለሚነገረው ሁሉ ኃላፊው ኩባንያው ነው ብሎ ለመንገደኛው ፈረደለት፡፡ በቀላል አማርኛ፣ አፍህ የተናገረውን አንተ ተናግረኸዋል ማለት ነው፡፡

ለሥነ ጽሑፍ ሰው ደግሞ የእነዚህ መልሶች ቋንቋ ራሱ ምስክር ነው፡፡ አማርኛ አድራጊውን በግሡ ውስጥ ይዞ ይዞራል፤ «ዘጋሁት» ብል እኔ ነኝ፣ «ዘጉት» ብል እነርሱ ናቸው፡፡ አድራጊውን ለመሰወር ግሡን መገልበጥ ያስፈልጋል፡፡ ስለዚህ «ተዘግቷል»፣ «አልተቻለም»፣ «ተመልክቷል» እንላለን፡፡ «ስለ ተፈጠረው መጉላላት» ይላሉ፤ ማን ፈጠረው? «ይቅርታ እንጠይቃለን» ይላሉ፤ እነማን? በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት የሚሰማው «ሲስተም የለም»ም የዚህ ቤተሰብ ነው፤ ሲስተሙ ሲኖር ሰው ይመሰገንበታል፣ ሲጠፋ ግን በራሱ ጊዜ የጠፋ ይሆናል፡፡ ትሕትናው በበዛ ቁጥር ሰውየው እየራቀ ይሄዳል፡፡ ቁጡ ዳኛ እንኳ ቢያንስ ፊት አለው፡፡

እንግዲህ ምን ይደረግ? የምጠይቀው ብዙ አይደለም፤ ሦስት ነገር ነው፡፡ አንድ፣ «ጠፋብኝ» ያለ ሰው ጉዳዩን የሚወስን አንድ ሰው ይኑረው፤ ስሙም ይታወቅ፤ ትናንት የተናገረውን ነገ ለሌላ ሰው እንደ አዲስ አይተርክ፡፡ ሁለት፣ እንቢ ከተባለ ምክንያቱ ይነገረው፤ የተጠየቀውን ማስረጃ ማቅረብ ያልቻለው ለምን እንደ ሆነም ይሰማ፡፡ በክልሉ ኢንተርኔት ተቋርጦ መክረሙ በዓለም የታወቀ ነገር ነው፤ ይህን አይቶ ቀኑን ከራሱ መዝገብ ማውጣት ለኩባንያው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር፡፡ ሦስት፣ ከእንቢታው በላይ ይግባኝ የሚባልበት ሥፍራ ይኑር፡፡ ይህ የማይቻል ነገር አይደለም፡፡ ለእኛ ለባንኮች የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ አውጥቶ፣ የደንበኛን ቅሬታ የምንቀበልበትና የምንመልስበት ሥርዓት እንዲኖረን አዝዞናል፡፡ ወጣቶቻችን ላባቸውን የሚያፈስሱባቸው የማይጨበጡ ነገሮች በበዙበት በዚህ ዘመን፣ ባሕር ማዶ ያለ ድርጅት ከዚህ ያነሰ ግዴታ የሚኖርበት ምክንያት አይታየኝም፡፡

ሰይፉ ትንሽ ነገር ነው፤ አላከራክርም፡፡ ነገር ግን ሰው አቤት ማለትን የሚማረው በትንሽ ነገር ነው፡፡ በአሥራ ሰባት ዓመቱ «ጠፋብኝ» ብሎ አምስት ባዶ ኮከብ የተሰጠው ልጅ፣ ነገ በሬው ወይም መሬቱ ወይም መብቱ ሲጠፋበት ወደ ማን ይሄዳል? «አቤት ቢሉም የሚሰማ የለም» ብሎ ዝም እንዲል ተምሮ ከሆነ፣ የጠፋው ሰይፍ ብቻ አይደለም፡፡ የማይጨበጥ ነገር ዋጋ እንዳለው ደግሞ ግጥም ለሚወድ ሰው መስበክ አያስፈልገኝም፤ ስንኝስ በየት በኩል ይጨበጣል?

ለዚህ አሳብ የሞከርኳትን እነሆ፤

ጠፋ ብሎ ጽፎ፣ መዝገቡን ዘጋና
ብኝ ያልኩት ቃል ቀረ፣ ከደጁ ቆመና፤
አቤት ብዬ ጮኽኩኝ፣ አቤት የሚል ባጣ
የገዛ ድምፄ ነው፣ ዞሮ የሚመጣ፤
ገደል እንኳ ሰምቶ፣ ቃሌን መለሰልኝ
ሰው የሠራው መስኮት፣ ኮከብ ስጠኝ አለኝ፡፡